ቀለሙ ገና አልደረቀም

ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ቅዳሜ፣ ማርች 5 ቀን 1994

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ እንደ ባለፈው አንድ ቀን አሽተሽው መደርደሪያ ላይ ረሳሽው? ባልሽ ደህና ነው? የመዘምራኑ ሰዎችስ? ያ ዜማ የሚስተው ሽማግሌ አሁንም ከጎንሽ ነው የሚቆመው? እኔ በጤና አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅሽ ዳኔትም ደህና ናት። ይህን ስጽፍልሽ ሆስፒታል ሥራ ላይ ናት። የላክሽልን የኮክ ማርማላታ ደርሶናል፤ አንዱን ጠርሙስ በሁለት ቀን ጨርሳዋለች።

በጤና አለሁ ያልኩሽ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እታለም፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስልክ ሲጮህ ወይም በር ሲንኳኳ የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቃል፤ ሁለት ብርጭቆ ሰብሬያለሁ። ዳኔት «አክስቴ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» ስትለኝ ደም ግፊት ነው እላታለሁ። ፈርቼ ነው። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

የማክሰኞው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ያቺን ሊንዳ የምትባል ነጭ ባገኛት በፀጉሯ ይዤ ከተማውን አዞራት ነበር» ብለሻል። «አንቺ ከተማውን ታውቂዋለሽ፤ ለልጄ ብለሽ አጠያይቂና ያቺን ሴት ፈልጊልኝ» ብለሻል። ሁለት ጊዜ አንብቤው አጣጥፌ የዱቄት ጣሳው ውስጥ ደበቅሁት። ከማን እንደምደብቀው እኔም አላውቅም።

እስቲ አንቺ የምታውቂውን ልድገመው፤ ከዚያ የማታውቂውን እነግርሻለሁ። ዳኔት ኦክቶበር ላይ ሥራ ይዛ ስትመጣ ለጥቂት ቀን ብላ ነበር ሶፋዬ ላይ የተኛችው። ኖቬምበር ላይ ለሆስፒታሏ የሚቀርብ ቤት አገኘሁ ብላ ሜፕል ግሌን ወደሚባል የኪራይ ግቢ ደወለች። ሊንዳ ነኝ ያለች ሴት «ባዶ ቤት አለን፣ ግን ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ሲደርቅ እንደውልልሻለን» አለቻት። ኮሊን የምትባል ነጭ ጓደኛዋ ሁኔታው አልጥም ቢላት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደወለች። ለእሷ ያቺው ሊንዳ «ሁለት ቤት አለን፣ ዛሬውኑ መጥተሽ እይው» አለቻት። ሁለቱ ልጆች ተያይዘው፣ በቤት ኪራይ የሚደረገውን አድልዎ ወደሚከታተለው ማኅበር ሄዱ። ክስ ተከፈተ። እስከዚህ ታውቂያለሽ።

እታለም፣ የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባልሽም አጠገብሽ ባይኖር ይሻላል።

እኔ የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ መሥራት ካቆምኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ሰውዬው ጡረታ ወጣና ክሊኒኩ ተዘጋ። አንቺ በቤተ ክርስቲያን «እህቴ ከሐኪም ጋር ነው የምትሠራው» እያልሽ ስትኮሪብኝ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሌላ ሥራ እስካገኝ ብዬ ለአንቺም፣ በኋላ ለዳኔትም ዝም አልኩ። ያገኘሁት ሥራ ደግሞ የሚነገር አልሆነም። በሜፕል ግሌን ስልክ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሊንዳ የምትባል ሴት በዚያ ቢሮ ኖራ አታውቅም።

አሁን ደብዳቤውን ወርውረሽው ከሆነ አንሺው፤ እባክሽ።

ያስተማርሽኝን የስልክ ድምፅ፣ የነጮቹን ድምፅ፣ ታስታውሺያለሽ? ስምንት ዓመቴ ነበር። የፀጉር ብሩሽ ጆሮዬ ላይ አስይዘሽ፣ «ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከከንፈርሽ ጫፍ አውጪው። የመጨረሻዋን ፊደል አትዋጪ። ፈገግ በይ፣ ፈገግታ በስልክ ይሰማል» ትይኝ ነበር። ከሳቅሁ በብሩሹ ትመቺኝ ነበር። ፊታችንን ሳያዩ ቢያንስ ቀጠሮ ይሰጡናል ትይ ነበር፤ እውነትሽን ነበር። ሚስተር ፕሩትም፣ የግቢው ሥራ አስኪያጅ፣ በዚያ ድምፅ ነው ቀጠሮ የሰጠኝ። ቢሮው ስገባ ክው ብሎ አየኝ። ከዚያ ግን ሳቀ፤ «ይኼማ ጭራሽ የተሻለ ነው» አለኝ። ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

በኋላ ገባኝ። ወንበሬን ከበሩ ትይዩ አደረገው። ከኋላዬ፣ ልክ ከራሴ በላይ፣ ያ ሕጉ ግዴታ ያደረገው ወረቀት ተሰቅሏል፤ ቤትና የእኩል ምልክት ያለበት፣ በዘርና በቀለም ማንም ቤት አይከለከልም የሚለው። በየሳምንቱ አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። አድልዎ አለ የሚል ሰው ቢመጣ «ተቀባይዋን አታይም?» ይሉታል። በስልክ ላይ ግን ስሜ ሊንዳ ነው። ነጮቹ ሠራተኞች የደዋዩን ድምፅ ሲለዩ ይሳሳቱ ነበር፤ የቴነሲውን ነጭ በደቡብ ቅላጼው ጥቁር የኛ ሰው ነው ብለው ይሸኙታል፣ ጥቁሩን ጠበቃ ደግሞ ነጭ ነው ብለው ቀጠሮ ይሰጡታል። እኔ አልሳሳትም። «ሄሎ» ሲል አውቀዋለሁ። የተቀጠርኩት ለዚህ ነበር።

ነጭ ከሆነ፣ ና እይው። የኛ ሰው ከሆነ፣ ቀለሙ አልደረቀም። ሌላ ምንም አይባልም፤ በጽሑፍም ምንም የለም። እታለም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ቀለም አንድ ቀን ደርቆ አያውቅም። ሳይደውል በአካል የመጣውን ደግሞ ቅጽ አስሞላዋለሁ፤ ካለፉት ሦስት አከራዮች ደብዳቤ አምጣ፣ የአሠሪህን ማረጋገጫ አምጣ፣ የብድር ታሪክህ ይጣራ። ሁሉንም ሲያሟላ አንድ ወረቀት ትጎድለዋለች። ነጩ ግን መንጃ ፈቃዱን አሳይቶ ቁልፍ ይቀበላል። አንዲት ሁለት ልጆች የያዘች ሴት አራት ጊዜ ተመላልሳለች። በአራተኛው ቀን ትንሹ ልጅ እዚያው ወለሉ ላይ ተኛ። ስሟን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ያደርገዋል እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይከብደውም።

ዳኔት የደወለች ዕለት ረቡዕ ነበር። ሚስተር ፕሩት ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ ዶናት ይበላ ነበር። ስሟን ሳትናገር አወቅኋት። «ደህና አደሩ እማማ፣ ዳኔት እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ» አለች፤ አንቺ እንዳሳደግሻት፣ ቀጥ ብላ። ተሳስተሽ ነው የደወልሽው ልላት እችል ነበር። መስመሩ ተበላሸ ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ሰውዬው እያየኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእሱ ይልቅ ያስፈራኝ ልጅቷ ቤቱን ልታይ መጥታ ከዚያ ወረቀት ሥር ተቀምጬ እንዳታገኘኝ ነው። «ቀለሙ ገና አልደረቀም» አልኳት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ እማማ፣ ተባርከው ይዋሉ» ብላኝ ዘጋች።

ማታ ስገባ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። «አክስቴ፣ ዛሬ አንዷ እንዴት አድርጋ በትሕትና እንደሸኘችኝ ብታዪ» አለችኝ። ዓሣ ጠብሼ አቀረብኩላት። ትልቁን ለእሷ ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ቤት ፈላጊ መስለው የሚፈትኑን ሰዎች ይልክብን ጀመር። አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ፤ ደመወዛቸው አንድ ዓይነት፣ ሥራቸው አንድ ዓይነት፣ የሚናገሩት ታሪክ ሳይቀር አንድ ዓይነት። የተባሉትን ሁሉ ሄደው ይጽፋሉ፤ በስልክ ከሆነ ይቀዱታል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ሁሉንም አነጋግሬያቸዋለሁ። የትኛዋ ፈታኝ፣ የትኛዋ እውነተኛ ቤት ፈላጊ እንደነበረች እስካሁን አላውቅም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፃቸውን አንድ በአንድ እያመጣሁ እመረምራለሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቢሮው ከዳኔት ጠበቃ ወረቀት ደረሰው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ «ስልክ የምትመልሰውና ሊንዳ የተባለችው ሠራተኛ» በጠበቆች ፊት ቀርባ በመሐላ ቃሏን እንድትሰጥ ይላል። ሚስተር ፕሩት ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። «ሊንዳ ሥራ ለቃ ሄዳለች፤ አድራሻዋን አናውቅም። ካሮል ቀርባ ይህንኑ ትናገራለች» አለኝ፤ ካሮል ከቢሮው ነጭ ሠራተኞች አንዷ ናት። ከዚያ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ «ቨርና፣ አንቺ ደክመሻል። ደቡብ እህት አለችሽ አይደል? ሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጥቼሻለሁ» ብሎ የአውቶቡስ ትኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የነገው እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ልወጣ ስል፣ «ደግሞ አስቢበት፤ ቴፑ ላይ ያለው ድምፅ የኔ አይደለም» አለኝ።

ትኬቱን ወሰድኩት፤ አልዋሽሽም። አንቺ ዘንድ መጥቼ በረንዳሽ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅሽ እዚህ ብቻዋን ስትሸነፍ እኔ እዚያ ሻይሽን እየጠጣሁ ስለ ሊንዳ ስትረግሚ አብሬሽ ልረግም አሰብኩ። ሻንጣዬንም አወረድኩ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳኔት ቴፕ ይዛ መጣች። ጠበቃዋ ናት የሰጠቻት፤ ያነጋገረችሽ ሴት ይህች ናት ወይ፣ ሰምተሽ አረጋግጪ ተብላለች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። እኔ ድንች እልጥ ነበር። በገዛ ኩሽናዬ ውስጥ የገዛ ድምፄ መናገር ጀመረ። ቢላዋው ከእጄ አልወደቀም፤ ለምን እንዳልወደቀ አላውቅም።

ልጅሽ መቼም ታውቂያታለሽ፣ ማስመሰል ትችልበታለች። ወገቧን ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ቀለሙ ገናኮ አልደረቀም የኔ ቆንጆ!» እያለች ትንጎራደዳለች። «ስሚያት እስቲ አክስቴ፣ ይቺን ቅምጥል! ቀለም ሳይሆን ሲሚንቶ ነው እንዴ የቀቡት?» ትለኛለች። እኔም ሳቅሁ። እታለም፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ!

ቴፑ ላይ ያለችው ፈታኝ ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ትስላለች። ያን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ሳሏ ደረቅና ክፉ ነበር። እኔ ቀለሙ አልደረቀም ብዬ ካሰናበትኳት በኋላ፣ ልትዘጋ ስትል፣ ምን ብዬ ይመስልሻል? «ይሄ ሳል ደረትሽ ላይ ሳይወርድ ቀይ ሽንኩርት በማር ቀቅለሽ፣ ቁንጥር በርበሬ ጣል አድርገሽ ጠጪው። ደረትሽን በፍላኔል ጨርቅ ጠቅልዪ፤ እግርሽንም እንዳይበርደው» አልኳት። በዚያው በሊንዳ ድምፅ! እማዬ ከሞተች ጀምሮ አንቺ ለኔ፣ በኋላም ለዳኔት የምትዪውን፣ ቃል በቃል። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ልጅቷ አሳዘነችኝ መሰለኝ።

ዳኔት መንጎራደዷን አቆመች። ቴፑን ወደኋላ መለሰችና እንደገና ሰማችው። አንዴ ደግማ ሰማችው። ከዚያ አጠፋችው። ከመደርደሪያው ንጹሕ ሳህኖች አወጣችና ታጥብ ጀመር። እኔ ዓይኔን ከድንቹ ላይ አላነሣሁም። ለሁለት ሰው አሥራ አንድ ድንች ልጫለሁ።

ማክሰኞ ለጠበቃዋ የሰጠችውን መልስ ነገረችኝ። ድምፁን መለየት አልቻልኩም ብላታለች። ጠበቃዋ በጣም ተናዳለች አሉ፤ ሰኞ ሊንዳ ማን እንደሆነች የሚናገር ካልተገኘ ክሱ ሊወድቅ ይችላል፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይቀራል ብላታለች። ለምን እንዲያ አልሽ ብዬ ጠየቅኋት። «አክስቴ፣ ሰው ላይ ዝም ብዬ ጣቴን አልቀስርም» አለችኝና ግንባሬን ስማኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ልጅሽ ጠንቃቃ ናት፤ ከሕፃንነቷም እንዲሁ ነበረች። ለራሴ የነገርኩት ይህንኑ ነው።

ምን ምን እንደምፈራ ልዘርዝርልሽ? ሥራዬን እንደማጣ አውቀዋለሁ። እስር ይኖር አይኖር አላውቅም፤ ጠበቃ ለመጠየቅ ደፍሬ አልሄድኩም። ይህን ቤት የያዝኩት ለአንድ ሰው በሚል ውል ነው፤ አከራዬ ዳኔት ሶፋው ላይ መክረሟን ካወቀ ያስወጣኛል። ብወጣ ደግሞ ማን ያከራየኛል? ስማቸው ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰዎች የሚሞሉትን ቅጽ አከራዮች ምን እንደሚያደርጉት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ወደ ታችኛው መሳቢያ የምጥለው እኔ ነበርኩ። ይህ ሁሉ ያስፈራኛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ልጅሽ ቀና ብላ ስታየኝ የሚኖራት ፊት ነው። አንቺም። አንቺ በር እንዲከፈትልኝ ያስተማርሽኝን ድምፅ እኔ በር መዝጊያ አደረግሁት፤ ያውም በገዛ ልጅሽ ላይ። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፍሬ ነው እስካሁን የቆየሁት።

ትኬቱን ዛሬ ጠዋት በፖስታ አድርጌ ለሚስተር ፕሩት መልሼለታለሁ። ስለዚህ ነገ አልመጣም። ጀግንነት እንዳይመስልሽ፤ ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ እጄን ሰድጄ ላወጣው ሞክሬያለሁ፤ ክንዴ አልገባም እንጂ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በመስተዋቱ ፊት እለማመዳለሁ። ስሜን እናገራለሁ፣ አድራሻዬን እናገራለሁ፣ «ሊንዳ እኔ ነኝ» የምትለው ጋ ስደርስ ቧንቧውን ከፍቼ እጄን እታጠባለሁ። ለዳኔት እስካሁን አልነገርኳትም። በዚህ ሳምንት ብቻ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜም ስለ አየሩ አውርቼ ጨርሻለሁ። እዚያው ብትሰማው ይሻላል መሰለኝ፤ እዚያ ቢያንስ ሌላ ሰው አለ፣ ልታለቅስ የምትችልበት ትከሻ አለ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሰኞ አልፏል። አንድ ነገር ብቻ ለምኚኝ ብትዪኝ፣ መጀመሪያ ለኔ አትደውዪ፣ ለእሷ ደውዪላት። በኔ ላይ መቆጣት ካሻሽ በደብዳቤ አድርጊው፤ ስልክ ማንሣት ለጊዜው አልችልም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታው። ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ በልጅሽ የሚያስደስትሽን ያሳይሽ። በጸሎትሽ ስሜን ከመጥራት አትቆጠቢ፤ ትክክለኛውን ስሜን።

ያሳደግሽኝ
ታናሽ እህትሽ

ፖስታውን ካሸግሁት በኋላ መልሼ ከፍቼው ነው። ዳኔት አሁን ከሥራ ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ቁምሳጥኔ ሄዳ ያንን ለቀብር ብቻ የምለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ልብሴን አወጣች። ተኮሰችው፣ የላላውን ቁልፍ ሰፋችው፣ መኝታ ቤቴ በር ላይ ሰቀለችው። ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም አልሞተም። ሰኞ መንገዱ ያዳልጣል ተብሏል፤ በሦስት ሰዓት ተነሥተን በኔ መኪና አብረን እንሄዳለን» አለችኝና ልትታጠብ ገባች። ሰኞ የት እንደምሄድ ግን አልነገርኳትም።